በእልልታ የተወሰደች ብስክሌት

ጋሽ ታምሩ ብስክሌቴን የወሰደብኝ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ጦርነቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በእልልታ ወሰደብኝ። ሌባ በጨለማ ይመጣል ይላሉ። የእኔው በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ለብሶ፣ ማይክሮፎን ይዞ ነው የመጣው።

ይህን የምጽፈው ቂም ይዤ አይደለም። ቂሙ ድሮም ነበረኝ፤ አሁን አዲስ መያዝ አያስፈልገኝም። የምጽፈው ሰውየው ዛሬ ባለበት አገር ሆኖ ስለዚያች ብስክሌት ያልነገረው ሰው እንደሌለ ስለሰማሁ ነው። እሱ ካወራ እኔም ላውራ። ስሜን ግን አልናገርም። የሚያውቀኝ ያውቀኛል፤ የማያውቀኝም እስካሁን ምንም አልጎደለበትም።

ብስክሌቷ የአባቴ ነበረች። አባቴ የጎንደር ሰው ነው፤ በወጣትነቱ አሥመራ ሄዶ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ብስክሌት መጠገን ተማረ። ጣሊያኑ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደው እሷን ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌት ናት። ብረቷ ቀጭን፣ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ፣ ቀለሟ የጥቅምት ሰማይ። በዚያን ጊዜ አሥመራ ውስጥ ሴት ልጅ ብስክሌት ብትነዳ ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ጀመርኩ። ኮርቻው ላይ ስቀመጥ እግሬ ስለማይደርስ፣ በብረቱ መሀል አሾልኬ እንደ ሸረሪት ተንጠልጥዬ ነበር የምነዳት።

አባቴ አንድ ደንብ ነበረው። የፈታሁትን ብሎን ሁሉ በፈታሁበት ተራ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በሲኒ አስቀምጣለሁ። ከተምታታብኝ ራት የለም። «የተፈታ ነገር የጠፋ ነገር አይደለም» ይለኝ ነበር። ራት እያማረኝ ስለሰማሁት ይሆናል፣ ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አገር ሲታመስ በከሰላ በኩል ወደ ካርቱም ስንሰደድ ብስክሌቷን ፈታትቼ በሁለት የሽንኩርት ጆንያ አመጣኋት። ባልም ነበረኝ፤ እሱ በእግሩ መጣ። ስለ እሱ አልጽፍም። ካርቱም ውስጥ የሰው ቤት ሠራሁ፣ ልጅ አሳደግሁ፣ በመጨረሻም አርካዊት በሚባል ሰፈር በአንዲት ክፍል ቤቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ለአገሬ ሰው መሸጥ ያዝኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለየችኝ እሷ ብቻ ናት። የካርቱም አቧራ ከሰው ቀድሞ የሚነሣ፣ ከሰው ዘግይቶ የሚተኛ አቧራ ነው፤ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ አሸዋ ያስፈጫል። በየሦስት ወሩ ፈትቼ፣ በናፍጣ አጥቤ፣ ግራሶ ቀብቼ እገጥማታለሁ። ከአቅሜ በላይ ሲሆን ከወንዝ ማዶ ወዳለችው ባሕሪ፣ ወደ ዓም ሐሰን እወስዳታለሁ። ዓም ሐሰን ዐጀላቲ ነው፤ እዚያ አገር ብስክሌት ጠጋኝን እንደዚያ ነው የሚሉት። አርባ ዓመት በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሠራ ሰው ነው። እኔን፣ መካ ደርሳ እንደተመለሰች ሴት፣ «ያ ሐጃ» ይለኛል። መካን በሥዕል እንጂ እንደማላውቃት ብነግረውም፣ አርጅታ ብስክሌት የምትነዳ ሴት አንድ ቅዱስ ቦታ ሳትደርስ አልቀረችም ባይ ነው።

የምነዳው ዓርብና የንግሥ ቀን ብቻ ነበር። ዓርብ የአገሩ ዕረፍት ስለሆነ ጠዋት ካርቱም ይተኛል፤ ሐፍላ የሚሉት አውቶቡስም ረክሻ የሚሉት ባጃጅም አይጋፋም፣ መንገዱ የእግዚአብሔር ይሆናል። ከሥር የወንድ ሱሪ፣ ከላይ እንደ አገሩ ሴቶች ቶብ ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። የሚያየኝ ሱዳናዊ ሁሉ «ማሻአላህ» ይላል። የሚያየኝ ያገሬ ሰው ዞር ይላል።

ከሚዞሩት አንዱ ጋሽ ታምሩ ነው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ «ጋሽ» የሚለው ከምግብ ቤቱና ከሰበካ ጉባኤ ወንበሩ ጋር የመጣ ነው፣ እኔም ለምጄ ቀርቻለሁ። መጀመሪያ የጠየቀኝ በለዘብታ ነው።

«እትዬ፣ ይህችን አንቲካ ይስጡኝና ምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ ልስቀላት። ሰው እሷን እያየ ይበላል።»

«ሰው ወጡን እያየ ይብላ» አልኩት።

ይህ መልስ በሦስት ቀን ውስጥ ከተማውን አዳረሰ፤ ወጡን የቀመሰ ሁሉ ሳቀ። እኔ ያሰራጨሁት ይመስለዋል። ያሰራጨሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እሱም በሴቶች ማኅበር ላይ ተነሥቶ «የሴቶቻችን ስም በዚህ አገር በቀጭን ክር የተንጠለጠለ ነው፤ እትዬ በዚህ ዕድሜያቸው ኮርቻ ላይ ሲወጡ ያየ ምን ይላል?» ሲል ሰበከ። ማኅበረተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግማሾቹ በዚያው ሳምንት በርበሬ በብድር የወሰዱ ነበሩ።

አሁን ወደዚያ ዕለት ልምጣ። ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነው ብዬ መማል እፈልግ ነበር፤ ግን የሚጽፍ ሰው ጥፋቱን ከደበቀ የተበደለውንም አያምኑለትም።

የዚያን ዕለት ጠዋት መንገድ ላይ ሳለሁ የቶቤ ጫፍ በካቴናው ገባ። ቶብ አራት ሜትር ተኩል ጨርቅ ነው። ካቴናው አንዴ ከቀመሰው የሚተወው ሲጨርሰው ነው። ቁልቁል ተስቤ፣ ጉንጬን መሪው ላይ ለጥፌ፣ እንደ ታሰረች ፍየል መንገድ መሀል ቆምኩ። አንድ የረክሻ ሾፌር መጥቶ ቢላዋ አወጣ።

«ካቴናውን እንዳትነካ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ያ ሐጃ፣ እኔ አንገትሽ አሳስቦኝ ነው» አለኝ።

ቶቤን ቆርጦ ለቀቀኝ። ግማሽ ቶብ ለብሶ መንገድ ላይ መሄድ አይቻልምና ሱቁን በማለዳ ከከፈተ አንድ ነጋዴ አዲስ ነጭ የአልጋ አንሶላ ገዝቼ ተከናነብኩ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለበስኩ። ብስክሌቷን ጥላ ወዳለበት ግድግዳ አስጠጋሁ። ግድግዳው አናት ላይ እርግቦች ሰፍረዋል፤ የእርግብ ኩስ ቀለም ይበላል። ስለዚህ አንሶላውን አለበስኳትና ወደ ቅዳሴ ገባሁ።

ያ ጥላ ያለበት ግድግዳ በንግሥ ቀን ሰው ስለቱን የሚያኖርበት ቦታ ነው። ዣንጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ ሁሉም በአዲስ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይደረደራል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሆኖም ስለ እርግብ እያሰብኩ ስለ ሰው ረሳሁ።

ቅዳሴ አለቀ፣ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ፣ የስለቱ ጨረታ ተጀመረ። ጋሽ ታምሩ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ዣንጥላውን አጫረተ፣ መጋረጃውን አጫረተ፣ አንሶላው ጋ ደረሰ። ገለጥ አድርጎ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በሕዝቡ መሀል እኔን ፈለገ። አገኘኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ስለዚህ አላወቀም የሚለኝ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ሰላምታ ይቅርብን።

«ስማቸው እንዲጠራ የማይፈልጉ አንዲት እናታችን» አለ፣ «የአባታቸውን መታሰቢያ፣ ከነፍሳቸው የማይለዩአትን ንብረት፣ ለቅዱስ ሚካኤል አስገብተዋል!»

እልልታው ቀለጠ። ሦስት መቶ ሰው ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ትከሻዬን ሳሙት፤ አንዷ አለቀሰች። አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? «ሚካኤል ሆይ፣ ተሳስተህ ነው፣ መልስልኝ» ልበል? አፌን ዘጋሁና እጅ ነሣሁ። አዎ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ስልሳ ዓመት ለማንም ያልጎነበሰ ወገብ በዚያች ደቂቃ ብቻ ታዘዘ።

አሮጌ ብስክሌት የፈለገ ሰው አልነበረም። ጨረታውን የጠራው እሱ፣ የተጫረተው እሱ፣ ያሸነፈውም እሱ ነው።

በማግሥቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ እኔ አልተሳልኩም።»

«እጅ ነሥተሻል፣ ልጄ።»

«ያጎነበስኩት አፍሬ ነው።»

«ለታቦት የገባ አይወጣም» አሉ አባ። «ግን ጨረታው አልቋል፤ ሚካኤል ድርሻውን ወስዷል። የቀረው በአንቺና በታምሩ መካከል ነው።»

ይህን ቃል እንደ ፈቃድ ይዤው ወጣሁ። አባ እንደ ፈቃድ አልሰጡኝ ይሆናል፤ ተመልሼ አልጠየቅኋቸውም።

በሳምንቱ ምግብ ቤቱ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ሰቅሏታል። ወርቅ ቀብቷታል። ከመሪዋ እስከ ኋላ ቸርኬዋ፣ ኮርቻዋንና ካቴናዋን ሳይቀር፣ በር በሚቀባበት ወፍራም ቀለም ወርቅ ቀብቷታል። በሽቦዎቿ መሀል የፕላስቲክ አበባ ሰክቷል። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል። ሰው ሲሞት ይገንዙታል እንጂ አይቀቡትም።

ሥሯ ተቀምጬ ሽሮ አዘዝኩ። በየሳምንቱ ሄጄ እዚያው ወንበር ላይ ሽሮ አዝዛለሁ። የምታቀርብልኝ ዘሐራ የምትባል የወሎ ሴት ናት፤ ሰው ቤት ሠርታ፣ ከዚያም እዚያ ምግብ ቤት ገብታ አራት ዓመቷ ነው። ጋሽ ታምሩ በአራት ዓመት ውስጥ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «አንቺ» ነው የሚላት፤ ሲደሰት «አንቺ ልጅ» ይላታል። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጣ አልሄድ አለች።

«እማማ፣ ሽሮው ያለው ግድግዳው ላይ ነው እንዴ? ሁልጊዜ ቀና ብለው ነው የሚያዩት።»

ነገርኳት። ለሰው አልናገርም፤ ለእሷ ግን ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝና ወደ ኩሽናው ገልመጥ አለች።

«እኔ እኮ ነኝ አቧራዋን የምጠርገው» አለች። «ማክሰኞ ማክሰኞ ወንበር ላይ ወጥቼ። እሱ ማክሰኞ ገበያ ነው።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ መፍቻዬን በበርበሬ ዕቃ ውስጥ ደብቄ ሄድኩ።

የጀመርነው በደወሏ ነው። ደወሏን ፈትተን በምትኳ የተሰበረ የቻይና ደወል አሠርን፤ ዘሐራ በወርቅ ቀለም ቀባችው። የቀለሙ ቆርቆሮ ኩሽና ውስጥ ተርፎ ነበር። ሳምንት ጠበቅን። ጋሽ ታምሩ ምንም አላየም። ከዚያ ፔዳሎቹ ሄዱ። ከዚያ ፍሬኖቹ። ከዚያ ኮርቻዋን አወረድን፤ ቆዳው የአባቴን አቀማመጥ ይዞ ነበር የደረቀው። ካቴናዋን በምሳ ዕቃ፣ በላዩ እንጀራ አልብሼ አወጣሁት። ቤቴ ውስጥ ሲኒዎቹ ተደረደሩ። ሲኒ ሲያልቅብኝ እንግዳ መቀበል ተውኩ፤ ድሮም እምብዛም አልቀበልም።

የመለዋወጫው ምንጭ ዓም ሐሰን ነበር። ባሕሪ ድረስ ሄጄ ከክምሩ የወደቀውን፣ የዛገውን፣ የተጣመመውን እመርጣለሁ።

«ያ ሐጃ» አለኝ አንድ ቀን፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ሰው የተሻለውን ስጠኝ ሲለኝ ነው የኖርኩት። የባሰውን የምትመርጪው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ለግድግዳ ነው።»

«ግድግዳ ይነዳል?»

«ይሄ ግድግዳ ይነዳል» አልኩት። ከዚያ በኋላ የባሰውን ራሱ እየለየ ያስቀምጥልኝ ጀመር።

መሪውን የወሰድኩ ቀን ልያዝ ትንሽ ቀረኝ። ያ የበግ ቀንድ በምንም ዕቃ አይገባም። ሆዴ ላይ አስሬ፣ ቶብ ደርቤ ስወጣ ጋሽ ታምሩ ከገበያ ቀድሞ ተመልሶ በሩ ላይ ገጠመኝ። ቀንዱ ደረቴን ይዞኝ መቃናት አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ወገብዎን አመመዎት?»

«ዕድሜ ነው።»

«አይዞዎት። ያንን ብስክሌት መተውዎ ነው የበጀዎት» አለና ክንዴን ይዞ መንገድ አሻገረኝ። በሕይወቴ በጋሽ ታምሩ ክንድ ተደግፌ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የአባቴን መሪ አቅፌ።

ቸርኬዎቹን ዘሐራ «ላጥባቸው» ብላ አስፈቅዳ አወረደቻቸው። እንዲህ እያልን ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የእኔ የሆነ የቀረው ዋናው ብረት ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ በምሳ ዕቃ አይወጣም፣ ሆድ ላይ አይታሰርም።

የረመዳን ወር ገባ። በረመዳን ቀን ቀን ምግብ ቤት ይዘጋል፤ ጋሽ ታምሩ ይተኛል፣ ቁልፉ ለጽዳት ዘሐራ ዘንድ ይሆናል። በዚያ ዓመት ሁዳዴም አብሮ ውሎ ነበር። እሷ ጾመኛ፣ እኔ ጾመኛ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ድንጋይ በምትሰነጥቅበት ሰዓት፣ ዓም ሐሰን የሰጠኝን ከባድ የቻይና ብረት ወርቅ ቀብቼ፣ በዚያችው በነጯ አንሶላ ጠቅልዬ በረክሻ መጣሁ።

ዘሐራ ወንበር ላይ ወጥታ ቆም አለች።

«እማማ፣ ጾሜ ይፈርሳል እንዴ?»

«የራስን ዕቃ መውሰድ ጾም አይሽርም።»

«የራስዎ ነዋ። የእኔ አይደለም።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። «አራት ዓመት ጠርጌያታለሁ» አለች ለራሷ። ያኔ ብስክሌቷ ከተሰቀለች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ አላረምኳትም። «ያላ፣ በዚያ በኩል ይያዙ።»

የእኔን ስናወርድ ዘሐራ በአንድ እጇ ያዘቻት። የግድግዳውን መለዋወጫ ሁሉ ወደ ቻይናው ካዛወርን በኋላ እሱን ለመስቀል ሁለታችንም አቃሰትን። ሚስማሩ አጎነበሰ።

ወርቁን በቀለም ማስለቀቂያና በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ሰማያዊው ከሥሩ ነበር፤ እዚህም እዚያም ተልጧል፣ ግን ነበር። የፈታሁትን በሲኒው ተራ ገጠምኩ። አንድ ብሎን አልጎደለም። ለሚካኤል እጅ ነሥቼለት ነበርና አንሶላውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ስለት ብዬ አስገባሁ። ማንም እልል አላለም።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ በምግብ ቤቱ ደጃፍ አለፍኩ። ጋሽ ታምሩ ወንበር አውጥቶ ውጭ ተቀምጧል።

«እትዬ! ሌላ ገዙ እንዴ?»

ፍሬን ያዝኩ። «ሌላ ነው።»

ዙሪያዋን አየ። ዓይኑ ኮርቻዋን፣ መሪዋን፣ ደወሏን አለፈ። «ምንም አትል» አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግድግዳው አመለከተኝ። «ከእኔዋ ግን አትደርስም። የእኔዋ ጣሊያን ናት።»

«አትደርስም» አልኩት።

በዓመቱ፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። ጋሽ ታምሩ በመጀመሪያው ሳምንት ወጣ። ምግብ ቤቱ ተዘረፈ፤ ምጣዱንም፣ ወንበሩንም፣ ግድግዳው ላይ የነበረውንም ወሰዱት። እኔ የምሄድበት አልነበረኝምና አርካዊት ቀረሁ። ዘሐራ የምታድርበት ስታጣ ከእኔ ጋር ገባች። ውኃ ጠፋ። ሐፍላ የለ፣ ረክሻ የለ፣ ነዳጅ የለ። የጣሊያን የእሽቅድምድም ብስክሌት በዚህም በዚያም ሁለት ጀሪካን ተንጠልጥሎባት ሲገፏት ትሄዳለች። ጎማዋ ቀጭን ነው፣ ግን ትሄዳለች። ሲመለሱ ከባድ ናት፤ አንዳችን መሪዋን፣ አንዳችን ኮርቻዋን እንይዛለን።

ባለፈው ስልክ መሥራት ሲጀምር ጋሽ ታምሩ ደወለልኝ። ያለበትን አገር ነገረኝ። ጤናዬን ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ ዘራፊዎቹ ሌላውን ሁሉ ይውሰዱት። ያቺን ብስክሌት ሳስብ ግን እንቅልፍ የለኝም። የአባትዎ መታሰቢያ ነበረች። እኔ ነኝ ያልጠበቅኋት።»

ውጭ ዘሐራ ጀሪካኖቹን ብስክሌቷ ላይ እያሠረች ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ነገር በዚያች ቃል ያልቅ ነበር። ምናልባት እንቅልፉም ይመለስለት ነበር።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። የኋላው ከመነዳሪ ተንፍሶ ነበር፤ ነፋሁት። ከዚያ ውኃ ለመቅዳት ሄድን።